የተቆለፈባቸው እርሳሶች

ሰው ሁሉ የአዲስ መጽሐፍ ሽታ ደስ ይለኛል ይላል። እኔን ያናድደኛል። ባለፈው ሰሞን የልጄ አስተማሪ አንድ ካርቶን በምላጭ ስትከፍት ያ የቀለምና የሙጫ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ደህና ቆሜ የነበርኩት ሴትዮ ጥርሴን ነክሼ ወደ ግቢው ወጣሁ። ልጄ ተከትላኝ መጥታ «እማ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም፤ ተናድጄ ነው። ሀርጌሳ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል የተማርኩበት ዓመት ነው የሚያናድደኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ወደ ሀርጌሳ የመጣነው አባዬ ግንበኛ ስለነበረ ነው። ኮምቦልቻ ሥራ ጠፋ። ጦርነት ያፈረሳት ሀርጌሳ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እየተገነባች ነው፣ መዶሻ መያዝ የሚችል ሰው ጾሙን አያድርም ተባለ። እማዬ የስፌት መኪናዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ታቅፋ፣ በጅጅጋ በኩል በጭነት መኪና ገባን። ከተማዋን ሳይ መጀመሪያ የመሰለኝ እዚህ አገር ሰዎች ጣሪያ የሚባል ነገር አያውቁም ብዬ ነው። ግድግዳ አለ፣ የበርና የመስኮት ቀዳዳ አለ፣ ከላይ ግን ሰማይ ብቻ። አባዬን ጣሪያው የት ሄደ ብዬ ብጠይቀው «አውሮፕላን ወሰደው» አለኝ። አውሮፕላን ቆርቆሮ ተሸክሞ ሲበር እየታየኝ፣ ማረፊያው ላይ የሚወርድ በሰማሁ ቁጥር ጣሪያችንን ይዞ መጣ እንደሆነ ብዬ ቀና እል ነበር።

ትምህርት ቤቱም እንደዚያው ነው። የእኛ ክፍል ጣሪያው ሰማያዊ ሸራ ነበር። ነፋስ ሲነፍስ ሸራው እንደ ከበሮ ይደበደባል፤ አስተማሪዋ ትጮሃለች፣ እኛም እንጮሃለን። ጥቁር ሰሌዳችን ግድግዳው ራሱ ነው። ያረጀ ባትሪ ተሰብሮ፣ ውስጡ ያለው ጥቁር ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ተቀባበት። ጠመኔ ሲያልቅ በኖራ ቁራጭ ይጻፋል። ወንበር የለም። እያንዳንዱ ልጅ የዱቄት ወተት ጣሳ ከቤቱ ይዞ ይመጣና ገልብጦ ይቀመጥበታል። ሶማልኛ ስለማልችል ዕድሜዬ ከሚፈቅደው ዝቅ ብዬ ገባሁ። ከሁሉም ረዝሜ፣ አፌን እንደ ድዳ ዘግቼ ጣሳዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ከጎኔ የነበረችው ልጅ ስሟ ሆዳን እንደሆነ ስትነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ። ሆዴን የምትለኝ መስሎኝ ነው። እሷም ለምን እንደሳቅኩ ሳይገባት አብራኝ ሳቀች። የሆዳን እናት ኤብላ፣ ገበያ ውስጥ የግመል ወተት ትሸጣለች፤ ቤታቸው ከእኛ በእሾህ አጥር ብቻ ነበር የሚለየው። ሆዳን ሶማልኛ ያስተማረችኝ በጣቷ ነው። ታመለክትና ትናገራለች፣ እደግማለሁ። ከተሳሳትኩ ግንባሬን ትጠቁመኛለች። ከትምህርት ስንመለስ ከአንድ ሳህን እንበላ ነበር።

አንድ ቀን ከመንገድ ወጣ ብዬ በሜዳው ልሮጥ ስል ሆዳን ሻርፔን ከኋላ ጎተተችና ሊያንቀኝ ትንሽ ቀረው። መሬቱ ላይ ቀይ የተቀቡ ድንጋዮች ተደርድረዋል። እኔ ለሠርግ ያስጌጡት መስሎኝ ነበር። ሆዳን ፊቷ ተለዋውጦ «ሚኖ! ሚኖ!» አለችኝ። ቃሉን አላወቅኩትም። ሚኖ የሜዳው ባለቤት ነው፣ መሬቱን ሰው ሲረግጥበት የሚቆጣ ክፉ ሰውዬ ነው ብዬ ደመደምኩ። ፈንጂ ማለት እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ሌላ ባለንብረት ተጨመረ። አባዬ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሥራ አግኝቶ ነበር። ዳይሬክተሩ በመጀመሪያ ያሠሩት ግን መማሪያ ክፍል ሳይሆን መጋዘን ነው። ዳይሬክተሩ ሁልጊዜ ኮት የሚለብሱ፣ በአንገታቸው ላይ በተንጠለጠለ ቁልፍ የሚጫወቱ ሰው ነበሩ። የእኛ ክፍል በሸራ ሥር እያለ መጋዘኑ አዲስ ቆርቆሮ፣ አዲስ ግድግዳ፣ ወፍራም የብረት በር ተበጀለት። ከዚያ የጭነት መኪና መጣ፤ ካርቶን በካርቶን ላይ ተራገፈ። አንዱን እፊታችን ከፈቱት። ያ ሽታ! ግቢው ሁሉ ከአቧራና ከፍየል ሌላ ነገር ሸተተ። መጻሕፍት አየን፤ እርሳስ በደርዘን በደርዘን ታስሮ አየን፤ ባለ ቀለም የፕላስቲክ ፊደላት፣ ትናንሽ ሰሌዳዎች፣ የተጠቀለሉ ትልልቅ ሥዕሎች አየን። አንዱ ልጅ እጁን ሲሰድ ዳይሬክተሩ በጥፊ አሉት።

«የዶነር ነው!» አሉ። «ዶነር ሲመጣ ሙሉ ሆኖ ማየት አለበት።»

ሁሉም ገብቶ ተቆለፈበት።

ዶነር እርዳታ ሰጪ ማለት እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ያኔ ለእኔ የሚኖ ወንድም ነበር። አንዱ የማይረገጥ መሬት አለው፣ ሌላው የማይነካ እርሳስ አለው። ሁለቱንም ማንም አይቷቸው አያውቅም፤ ሁሉም ሰው ይፈራቸዋል።

የእኛ አስተማሪ መዓሊማ ሰፍያ ትባላለች። መዓሊማ እዚያ አገር ሴት አስተማሪ ማለት ነው። ቤተሰቦቿ በጦርነቱ ተሰደው እሷ ያደገችው ጅጅጋ ስለነበር አማርኛ አቀላጥፋ ትናገራለች። ሲጨንቀኝ ቀስ ብላ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ትልና «መዲና፣ አይዞሽ፣ ትለምጃለሽ» ትለኛለች። በየሳምንቱ ቁልፉን ትለምናለች። በመስኮት ቀዳዳ እንሰማለን።

«ጌታው፣ ልጆቹ እርሳስ የላቸውም።»

«ከሰጠናቸው ይጨርሱታል።»

«እንዲጨርሱት አይደል የተላከው?»

«አንቺ ሪፖርት አትጽፊም። የምጽፈው እኔ ነኝ።»

ዶነር እውነትም መጣ። ሰውዬ መስሎኝ ስጠብቅ ሁለት ሴቶችና ሦስት ወንዶች ሆኖ ከመኪና ወረደ። ከመምጣታቸው በፊት መጻሕፍቱ ታደሉን። የገለበጥኩት መጽሐፍ ውስጥ ዓሣ ነበር፤ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ባለ መስመር ዓሣ። ፎቶ ተነሣን። ዘመርን። መኪናው ከበር እንደወጣ ዳይሬክተሩ ራሳቸው በየረድፉ እየዞሩ መጽሐፎቹን ከእጃችን ነጠቁ። የዓሣውን ስም ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። ገጹን አጥብቄ ስለያዝኩ ጣቴን አላቀው ነው የወሰዱት። ያን ቀን ነው መሰለኝ ንዴት የሚባለው ነገር መጀመሪያ የገባኝ። እስከዚያ ድረስ አለቅስ ነበር እንጂ አልናደድም ነበር።

የሆዳን እርሳስ በዚያን ጊዜ ጥፍር አክሎ ነበር። በጥርሷ እየላገች፣ በሁለት ጣቶቿ ጫፍ ቆንጥጣ ይዛ ትጽፍበታለች። ጽሑፏ ግን ከሁላችንም ያምር ነበር። መዓሊማ ሰፍያ ደብተሯን ከፍ አድርጋ ታሳየናለች። አንድ ቀን ሆዳን ከደረቁ ወንዝ ለእናቷ አሸዋ ስትዝቅ ያገኘችውን ነገር አመጣች። ብርማ፣ ቀላል፣ ውስጡ በአንድ በኩል ክፍት የሆነ ቀጭን ቱቦ ነው። እርሳሷን ጫፉ ላይ ሰክታ እንደ እጀታ ልትይዘው ነው። ለካችው፤ ትንሽ ጠበበ። «ቤት ሄጄ አፉን አሰፋዋለሁ» አለችኝ። ያን ቱቦ እንዴት እንደቀናሁበት! እኔም ሄጄ እንደሱ ያለ እፈልጋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ከሰዓት በኋላ እማዬ የሰፋችውን ልብስ ስትተኩስ እኔ አጥሩ ሥር ከሰል አራግብ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ ይሰማኛል፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። ከዚያ የመኪና ጎማ የፈነዳ መሰለኝ። ወዲያው ዝም አለ። ቀጥሎ የኤብላ ጩኸት መጣ። እንደዚያ ያለ ጩኸት በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም አይፈልግም። እማዬ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» እያለች የሚተኮሰውን ልብስ ይዛ ሮጠች። ነጭ ነበር፤ የሰው የዒድ ጀለቢያ ነው። የሆዳንን እጅ የጠቀለሉት በሱ ነው።

ሆዳን አልሞተችም፤ አልሐምዱሊላህ። የቀኝ እጇ አውራ ጣትና ከጎኑ ያሉት ሁለቱ ጠፉ።

በማግሥቱ ዳይሬክተሩ ሰልፍ ላይ ቆመው «ከመሬት ነገር አታንሡ ብለናችኋል!» አሉ። እንደጥፋተኛ ነው የተናገሩን። መዓሊማ ሰፍያ ከሰልፉ ፊት ወጣች።

«በምን ነገርናቸው? ሥዕሎቹ ተጠቅልለው ውስጥ ናቸው። ምን እንደማያነሡ በምን ይወቁ?»

«እንግዶቹ ከዒድ በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ። ያኔ ይሰቀላል።»

«ቁልፉን ይስጡኝ።»

ኮታቸውን አስተካክለው፣ ቁልፉን ሸሚዛቸው ውስጥ ከተው፣ ስብሰባ አለብኝ ብለው ወጡ።

አባዬ የአንደኛ ክፍልን ግድግዳ እየለሰነ ነበር። መዓሊማ ሰፍያ ቀጥ ብላ ወደሱ ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

«ጋሽ ሰዒድ፣ ያንን በር ማነው የገጠመው?»

«እኔ ነኝ።»

«ያወልቁልኛል?»

አባዬ የግንበኛ ማንኪያውን ከሲሚንቶው አላነሣም። «እኔ የሰው አገር ሰው ነኝ፣ መዓሊማ። ነገ ውጣ ቢሉኝ ማን ይቆምልኛል?»

«አውቃለሁ» አለችው። አልለመነችውም።

እሱ ወደኔ ዞሮ አየኝ። «ያቺ ልጅ ካንቺ ጋር ከአንድ ሳህን ነበር የምትበላው» አለ። «ከእንግዲህ በየትኛው እጇ ነው የምትበላው?»

መሮና መዶሻውን አንሥቶ ተነሣ። አባዬ ቁጡ ሰው አልነበረም፤ እማዬ እንኳ ስትቆጣ የሚስቅ ነው። ያን ቀን ግን ማጠፊያውን ሲመታ የአንገቱ ሥር ተገትሮ ነበር። ራሱ ያበጀውን ግድግዳ ነው የሚያፈርሰው። ልጆች ሁሉ ከየክፍሉ ወጥተው ከበቡት። በሩ ወደ ውጭ ሲወድቅ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ያ ሽታ ከውስጥ ወጣብን።

መዓሊማ ሰፍያ ሥዕሎቹን ዘርግታ ግድግዳው ላይ ሰቀለቻቸው። ከነሱ አንዱ ላይ በየረድፉ ልዩ ልዩ የብረት ነገሮች ተሥለዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ቀይ መስቀለኛ መስመር አለ። ክብ አለ፤ የጫማ ቀለም ጣሳ የመሰለ አለ፤ ጭራ ያለው አለ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቀጭን፣ ብርማ፣ በአንድ በኩል ክፍት የሆነ ቱቦ አየሁ።

ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። «ይሄ ነው! የሆዳን ነው ይሄ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ከመዓሊማ ሰፍያ በቀር ማንም አማርኛ አይችልም፤ ግን ሁሉም ገባቸው።

አንድ ትንሽ ልጅ ከኋላ እጁን አወጣና የጫማ ቀለም ጣሳ ወደሚመስለው እያመለከተ «ይሄ እኛ ቤት አለ» አለ። «አያቴ በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ የምታስደግፍበት ነው።» ሌላዋ «ይሄኛው እኛ መስኮት ላይ ነው፤ ወንድሜ ይጫወትበታል» አለች። ሌላም እጁን አወጣ። መዓሊማ ሰፍያ ጠመኔዋ ከእጇ ወደቀ። ትልልቆቹን ልጆች ወደየወላጆቹ ላከቻቸው፤ ማንም እንዳይነካ፣ ከቤት ሁሉም እንዲወጣ። ፊታቸውን በመስተዋት የሸፈኑ ፈንጂ አምካኞች መጥተው ከየቤቱ እየለቀሙ ወሰዱት። እኔ በያጆች መስለውኝ ነበር። ያ ሁሉ ሞት በር ሲደግፍና መስኮት ላይ ሲቀመጥ፣ ሥዕሉ ደግሞ ከእኛ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ አዲስ ቆርቆሮ ሥር ተኝቶ ነበር።

ዳይሬክተሩ ሲመለሱ በሩ መሬት ላይ ተዘርግቶ አገኙት። «ማነው ይህን ያደረገ? ያ ሐበሻ ነው? ፖሊስ እጠራለሁ!» እያሉ በግቢው ዞሩ። አባዬ እጁን እየታጠበ ነበር፤ አልሸሸም። እኔ ኮቱን ይዤ ከኋላው ቆሜያለሁ። በዚህ መሃል የሆዳን እናት ኤብላ ከሆስፒታል መጣች፤ ያደረችበት ልብስ ላይ የልጇ ደም ደርቋል። የልጇን ደብተር ልትወስድ ነበር የመጣችው። ጩኸቱን ሰማች፣ በሩን አየች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አየች። እርሳሶቹን አየች። ማንም ሳያስረዳት ገባት።

«ጥራ» አለቻቸው። «ፖሊስህን ጥራ። ሲመጣ መጀመሪያ የልጄን ጣቶች ፈልጎ ያምጣልኝ። ስለ በሩ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

ፖሊስ አልተጠራም። አባዬ ግን በዚያው ቀን ከሥራው ተባረረ፤ የሽማግሌ ምክርም አልመለሰውም። ሽማግሌዎቹ የወሰኑት በሩ ተመልሶ እንዳይገጠም ብቻ ነው። እማዬ የሰው ጀለቢያ በማበላሸቷ ሌላ ሰፍታ ሰጠች። አባዬ ከተማው ሌላ ዳር ሄዶ ሥራ አገኘ፤ ማታ ሲመጣ እግሩ ላይ አቧራው ጉልበቱ ድረስ ነው። አንድም ቀን ስለ ተባረረበት ሲያማርር አልሰማሁትም። የማማርርለት እኔ ነኝ።

ሆዳን ስትመለስ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። አዲስ እርሳስ ሰጧት፤ ሙሉ፣ ረጅም፣ ቢጫ። በግራ እጇ ያዘችው። ያቺ ጽሑፏ ሲታይ ሰው የሚያስቀና ልጅ አንዲት መስመር ማስመር አቃታት። እርሳሱን ሰብራ ጣለችው። ሌላ ሰጧት፤ ያንንም ሰበረች። ከዚያ ተነሥታ ጣሳዋን በእግሯ መታችው። መዓሊማ ሰፍያ አልተቆጣቻትም። የወደቀውን የብረት በር አባዬ ከመሄዱ በፊት ክፍላችን ድረስ ተሸክሞ ግድግዳ ላይ አስደግፎት ነበር። ከካርቶን የወጡት የፕላስቲክ ፊደላት ማግኔት ነበራቸው፤ መዓሊማ ሰፍያ አንዱን ወደ በሩ ስታስጠጋው ጥብቅ ብሎ ተለጠፈ። «እጅሽ እስኪለምድ በዚህ ጻፊ» አለቻት።

ሆዳን በግራ እጇ ፊደሎቹን እያነሣች በሩ ላይ ለጠፈች። መጀመሪያ የለጠፈችው የራሷን ስም ነው። ቀጥሎ ስድብ ለጠፈች። መዓሊማ ሰፍያ አንብባ ሳቀች፤ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ሆዳን ግን አልሳቀችም፤ ወደኔ ዞራ «አንቺም በግራሽ ጻፊ» አለችኝ። ማዘዟ ነበር። ቀኝ እጄን በሻርፔ ከወገቤ ጋር አሰረችው። የተሰጡን ትናንሽ ሰሌዳዎች ላይ ነጠብጣብ ፊደል አለ፤ በነጠብጣቡ ላይ እየሄድን አብረን እንደ ሕፃን ተማርን። የእኔ ከእሷ ሲያምር ሰሌዳዬን ታጠፋዋለች። ሶማልኛ ማንበብ የለመድኩት እንዲያ ነው፣ በግራ እጄ፣ እየተሰደብኩ። የዓሣውን ስምም በመጨረሻ አነበብኩት።

መጽሐፎቹ እጅ በእጅ ሲዞሩ ጠርዛቸው ተበላ፣ ሻይ ፈሰሰባቸው። እርሳሱ እያጠረ ሄደ። በዚያ ሰሞን ዝም ይሉ የነበሩ ልጆች ሁሉ ይናገሩ ጀመር፤ ከቤታቸው ይዘውት ያልመጡት ጥያቄ አልነበረም።

እንግዶቹ ከዒድ በኋላ መጡ። ዳይሬክተሩ ፊታቸው አመድ መስሎ ተቀበሏቸው። መሪዋ ሴትዮ የተበላሸውን መጽሐፍ ገለጠች፣ ያጠሩትን እርሳሶች በመዳፏ አየች፣ ሥዕሎቹ ሥር የሕፃናት የጣት አሻራ አየች። ከዚያ ፊቷ በራ። አስተርጓሚው «እንዲህ በሥራ ላይ የዋለበት ትምህርት ቤት አላየንም፤ ይህ የዳይሬክተሩን ትጋት ያሳያል ትላለች» አለ። ዳይሬክተሩ ሳል ሳል አሉና ቀና አሉ። ኮታቸውን ቆለፉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «የሚገባንን አደረግን» አሉ።

መዓሊማ ሰፍያን አየኋት። ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እኛም ልጆች እንድናጨበጭብ ታዘዝን፤ ሌሎቹ አጨበጨቡ። እኔ እጄን አጣምሬ ቀረሁ። አጠገቤ ሆዳን ተነሥታ ቆመች።

«ዳይሬክተር» አለች። «እርሳሴ አልቋል።»

እሳቸው ፈገግ እንዳሉ ናቸው። «በኋላ፣ ልጄ፣ በኋላ።»

«አሁን ነው የምጽፈው።»

አስተርጓሚው ለሴትዮዋ ተረጎመ፤ ሴትዮዋ ደስ ብሏት ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። አማራጭ አልነበራቸውም። ካርቶኑ ላይ ጎንበስ ብለው አዲስ እርሳስ አወጡና ይዘውላት መጡ። ሆዳን በግራ እጇ ተቀበለቻቸው፣ ጫፉን አየችው፣ መልሳ ዘረጋችላቸው።

«አልተቀረጸም» አለች።

መቅረጫ ከየት ይምጣ? ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ምላጭ አገኙ። እንግዶቹ እየጠበቁ፣ ውጭ መኪናው ሞተሩ እየተንኳኳ፣ ዳይሬክተሩ በክፍላችን መሃል ቆመው እርሳስ ቀረጹ። ብጣሹ ኮታቸው ላይ ይረግፋል። ቢጫ፣ ቢጫ። አንድ ጊዜ ሰበሩትና እንደገና ጀመሩ። ማናችንም አልሳቅንም። ሆዳን ፋሻ የለበሰ እጇን ጎኗ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከእጃቸው ሳትነቅል፣ እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀቻቸው።